ወንዝን የሚጠብቀው ክትሩ ነውን ወይስ ዓይኑ?
(ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ የታሪክ ጽሑፍ)

የሰው ልጅ ከተማ ለመቈርቈርም ሆነ እርሻ ለማረስ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ውኃ ነው፡፡ ስለዚህም የጥንት ታላላቅ ሥልጣኔዎች በወንዝ ዳር ተወለዱ፡፡ ግብፅ በዓባይ፤ ባቢሎን በኤፍራጥስ፤ ቻይናም በቢጫው ወንዝ ዳር አደጉ፡፡ ይሁን እንጂ ወንዝ እንደ እናት የሚመግበውን ሕዝብ እንደ ጠላት የሚወርበት ቀን አለው፡፡ አባቶቻችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ብለው የተረቱት ይህን የወንዝን ሁለት ጠባይ ጠንቅቀው ስላወቁ ነው፡፡

በዚህ በት/ቤታችን የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ልናቀርብ የመረጥነው ታሪክ ሰዎች የወንዝን ሙላት እንዴት ሲለኩና ሲጠብቁ እንደ ኖሩ የሚናገር ነው፡፡ የነገሥታትንና የጦርነትን ታሪክ መጻፍ ይቀል ነበር፡፡ ነገር ግን ከኡራኤል በታች ባለው ሸለቆ ውስጥ የሚያልፈውን ውኃ ዘወትር እያየን የርሱን ታሪክ ሳንጠይቅ ከት/ቤት ብንወጣ ትምህርታችን ጐደሎ የሚሆን መስሎ ታየን፡፡ ደግሞም ከእኛ መካከል ቤታቸው ከወንዝ ዳር የሆነ አሉ፡፡ ለነርሱ ይህ ነገር የፈተና ጥያቄ ሳይሆን የክረምት ሌሊት ጥያቄ ነው፡፡

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ቃላት እናስረዳ፡፡ ወንዝ እንዳይወጣ በዳርና በዳር የሚሠራውን ረጅም የአፈር ወይም የድንጋይ ሥራ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ክትር» እንለዋለን፡፡ መሐንዲሶች ዳይክ ይሉታል፡፡ ወንዝን አቋርጦ የሚዘጋውን ግን እንደ ልማዱ «ግድብ» እንለዋለን፡፡ የምንጠቅሰውም ዓመተ ምሕረት ካልገለጽን በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፡፡

የካይሮው ዓምድና ዐዋጅ ነጋሪው

ስለ ወንዝ መለካት የሚነገረው የቈየ ታሪክ ስለ እኛው ውኃ የሚነገር ታሪክ ነው፡፡ አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ ከመቶ 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፡፡ በእኛ አገር በሐምሌና በነሐሴ የዘነበው ዝናም ዝናም በማይታወቅበት በግብፅ አገር ሙላት ሆኖ ይደርስ ነበር፡፡ ግብፃውያን የዝናሙን አገር ሳያዩ የውኃውን ከፍታ መለካት ግድ ሆነባቸው፡፡ በፈርዖኖች ዘመን በአስዋን አጠገብ በኤለፋንታይን ደሴት ላይ ወደ ወንዙ በሚወርድ ደረጃ ግድግዳ ላይ የክንድ ምልክት ቀርጸው የውኃውን ልክ ያነቡ ነበር፡፡

ከብዙ ዘመን በኋላም በ861 ዓ/ም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ ታላቅ የውኃ መለኪያ ተሠራ፡፡ እስከ ዛሬም ቆሞ ይታያል፡፡ ሥራውም እንዲህ ነው፡፡ ጥልቅ ጕድጓድ በድንጋይ ተገንብቶ በመሬት ውስጥ ቦይ ከወንዙ ጋር ተገናኘ፡፡ በመካከሉ ስምንት ማዕዘን ያለው የእብነ በረድ ዓምድ ቆመ፡፡ በዓምዱም ላይ ክንድ በክንድ ምልክት ተቀረጸበት፡፡ ውኃው 16 ክንድ ያህል ሲደርስ የጥጋብ ዓመት ነው ተብሎ ይታመን ነበር፡፡ ከዚያ በጣም ቢያንስ ረኀብ ይፈራል፤ በጣም ቢበልጥ ደግሞ ውኃው ክትሩን ጥሶ መንደሩን ያጠፋል፡፡ ግብርም የሚቈረጠው በዚሁ ልክ ነበር፡፡

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዓምዱ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ሌላ ነገር ነው፡፡ በካይሮ መንገዶች ላይ በሙላት ወራት የወንዙን ጭማሪ በየቀኑ እየዞረ የሚያውጅ ሰው ነበር፡፡ ዛሬ ይህን ያህል ጨመረ እያለ ለሕዝቡ ይናገራል፡፡ እንግዲህ የጥንት ሰዎች ዓምዱን ብቻ ሠርተው አልተቀመጡም፡፡ የሚያነብ ዓይን፤ የሚናገር አፍ፤ የቀድሞውን ልክ የሚይዝ መዝገብ ጨመሩበት፡፡ እነዚህ ሦስቱ ማለት ዓይን፤ ድምፅና መዝገብ ከሌሉ ክትርም ሆነ ግድብ ሙሉ ጠባቂ ሊሆን አይችልም፡፡ በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የተነሣንበትም ነገር ይኸው ነው፡፡

የወንዝ መለኪያ በአገራችን

በአገራችን የቀድሞ ሰዎች ወንዝን በመለኪያ ባይለኩም በአሰፋፈራቸው ይጠነቀቁ ነበር፡፡ ደጋው ላይ ብዙዎቹ መንደሮች በወንዝ አፋፍ ሳይሆን በተረተርና በኰረብታ ላይ ይታያሉ፡፡ ይህ በራሱ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፡፡ ነገር ግን ሕዝብ ሲበዛና ከተማ ሲሰፋ፤ በሜዳውም ታላላቅ እርሻ ሲከፈት ሰው ወደ ወንዙ መቅረቡ አልቀረም፡፡ በዚህ ጊዜ ግምት አይበቃም፤ ልክ ያስፈልጋል፡፡

ከ1950 እስከ 1956 ዓ/ም ድረስ የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ መንግሥት የውኃ መሐንዲሶች ጋር ሆኖ የዓባይን ሸለቆ አስጠና፡፡ በዚያ ጥናት ጊዜ በዓባይና በገባሮቹ ላይ በርካታ የውኃ መለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ፡፡ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር ያለውም መለኪያ በዚያው ዘመን የተዠመረ ነው፡፡ ስለ አዋሽ ሸለቆም የተባበሩት መንግሥታት የእርሻና የምግብ ድርጅት ያደረገው ጥናት በ1957 ዓ/ም ወጣ፡፡ በኋላም በ1973 ዓ/ም የአገሪቱ የሜትሮሎጂ አገልግሎት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆኖ ተቋቋመ፡፡

የወንዝ መለኪያ ሲባል ብዙ ሰው የተወሳሰበ መኪና ይመስለዋል፡፡ ዋናው መሣሪያ ግን በሴንቲሜትር የተከፋፈለና ቀለም የተቀባ ዘንግ ነው፡፡ ይህ ዘንግ በወንዙ ዳር ወይም በድልድይ ምሰሶ ላይ ይተከላል፡፡ በአቅራቢያው የሚኖር አንድ ሰው፤ ብዙ ጊዜም ገበሬ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ከጧቱ 12 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ወርዶ ውኃው የት እንደ ደረሰ አንብቦ በመዝገብ ላይ ይጽፋል፡፡ በበጋ ቀን ሥራው የሚያሰለች ነው፤ ቍጥሩ አይለወጥምና፡፡ በክረምት ግን ጭቃውን ረግጦ ዝናሙን ታግሶ የሚወርድ ሰው ያስፈልጋል፡፡ የወንዙ ታሪክ የሚጻፈው ደግሞ በዚያች አስቸጋሪ ቀን ነው፡፡

የዘንጉ ንባብ ከፍታን እንጂ የውኃውን ብዛት አይናገርም፡፡ ስለዚህ ባለሙያዎች አልፎ አልፎ እየመጡ በድልድይ ላይ ወይም በጀልባ ሆነው የወንዙን ስፋትና ጥልቀት ይለካሉ፡፡ በውኃው ውስጥ በምትሽከረከር ትንሽ መሣሪያም የፍሰቱን ፍጥነት ያገኛሉ፡፡ ስፋቱን በጥልቀቱና በፍጥነቱ ሲያባዙ በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ እንደሚያልፍ ይታወቃል፡፡ ይህን ልዩ ልዩ ከፍታ ባለበት ጊዜ ደጋግመው ካደረጉት በኋላ ከፍታውንና ብዛቱን የሚያገናኝ መስመር ይሥላሉ፡፡ ከዚያ ወዲያ የገበሬው ንባብ ብቻ የውኃውን ብዛት ይናገራል፡፡

ልኩ በብዙ ዓመት ሲጠራቀም ደግሞ ሌላ ጥቅም ይሰጣል፡፡ መሐንዲሶች «የመቶ ዓመት ጐርፍ» የሚሉት አንድ ነገር አለ፡፡ ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ አንድ ጊዜ ከመጣ በኋላ መቶ ዓመት የማይመለስ ጐርፍ ይመስላቸዋል፡፡ ይህ ስሕተት ነው፡፡ ትርጕሙ በማናቸውም ዓመት ለመምጣት ከመቶ አንድ ዕድል ያለው ጐርፍ ማለት ነው፡፡ በሒሳብ ክፍል እንደ ተማርነው ብናሰላው አንድ ሰው በወንዝ ዳር 30 ዓመት ቢኖር እንዲህ ያለውን ጐርፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የማየት ዕድሉ ከመቶ 26 ያህል ይሆናል፡፡ ከአራት ጐረቤት አንዱ ማለት ነው፡፡ የክትር ቁመት የሚወሰነው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው፡፡ መዝገቡ አጭር ወይም የተቈራረጠ ከሆነ ግን መሐንዲሱ ቁመቱን የሚወስነው በግምት ይሆናል፡፡

አዋሽና የክትር ትምህርት

በአገራችን ክትር ካላቸው ወንዞች ዋናው አዋሽ ነው፡፡ ከጊንጪ አካባቢ ከሚገኘው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል፡፡ በመንገዱ ላይ በወንጂ፤ በመተሐራ፤ በአሚባራና በዱብቲ ሰፋፊ ሜዳዎች ያልፋል፡፡ እነዚህ ሜዳዎች ለም የሆኑት አዋሽ በየጊዜው እየወጣ ደለሉን ስላለበሳቸው ነው፡፡ ሰው ለሙን መሬት ፈልጎ ገባ፤ ለምነቱን ያመጣውን ጐርፍ ግን አልፈለገውም፡፡ ስለዚህ ክትር መሥራት ግድ ሆነ፡፡

በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ያቋቋመው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነበር፡፡ ፋብሪካው በ1946 ዓ/ም ስኳር ማምረት ዠመረ፡፡ የሸንኮራ አገዳውም ማሳ ከአዋሽ ሙላት በክትር ተጠበቀ፡፡ ሆላንዶች በዚህ ሥራ የታወቁ ሕዝብ ናቸው፡፡ ከአገራቸው ሰፊ ክፍል ከባሕር ወለል በታች ሆኖ በክትር ተጠብቆ የሚኖር ነውና፡፡

ሆኖም የወንጂ ፋብሪካ ሥራ ከመዠመሩ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በራሳቸው በሆላንዶች አገር የደረሰው አደጋ ለዓለም ሁሉ ትምህርት ሆነ፡፡ ጥር 24 ቀን 1945 ዓ/ም ከቅዳሜ ወደ እሑድ በሚያሻግረው ሌሊት ብርቱ ማዕበል ተነሥቶ ክትሮቻቸውን በብዙ ስፍራ ጣሰና 1,836 ሰዎች ሞቱ፡፡ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤታቸው አደጋው እንደሚመጣ አስቀድሞ ዐውቆ በቴሌግራም ማስጠንቀቂያ ልኮ ነበር፡፡ ነገር ግን መልእክቱ የደረሰው ለጥቂቶች ነበር፡፡ ሬዲዮኑም በዚያን ጊዜ በሌሊት ስለማይናገር ሕዝቡ እንደ ተኛ ውኃው ደረሰበት፡፡ ክትር ነበራቸው፤ የሚያነብ ዓይንም ነበራቸው፤ በዚያች ሌሊት የጐደለው ድምፅ ነበር፡፡

ወደ አዋሽ እንመለስ፡፡ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ/ም ተመረቀ፡፡ ዋናው ዓላማው 43,200 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢሆንም የክረምቱን ሙላት ይዞ በበጋ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ለታችኛው አገር ታላቅ ጠባቂ ሆነ፡፡ በ1954 ዓ/ም የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፡፡ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽም የጥጥና የሌላም ሰብል እርሻ እየሰፋ ሄደ፡፡ ክትሩም እርሻውን እየተከተለ ረዘመ፡፡

ግን ውኃ ብቻውን አይመጣም፤ አፈር ይዞ ይመጣል፡፡ ከደጋው የታጠበው አፈር በቆቃ ሐይቅ ውስጥ እየተኛ ሐይቁ ሊይዝ የሚችለውን ውኃ ከዓመት ወደ ዓመት ቀነሰው፡፡ ሐይቁ ሲሞላ ደግሞ በር መክፈት ግድ ይሆናል፡፡ በሩ ሲከፈት ከታች ያለው ሰው በሰዓቱ ካልሰማ ጠባቂው ግድብ ራሱ የአደጋ ምክንያት ሊሆን ይችላል፡፡ በ2012 ዓ/ም ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ክልል በአሳይታ፤ በዱብቲና በሌሎችም ወረዳዎች በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ፡፡ ከ60 ዓመት ሥራ በኋላም አዋሽ ገና ጠባቂ የሚሻ ወንዝ መሆኑን ይህ ያስረዳል፡፡

ርብ፤ ክትሩ የወንዙን ወለል ከፍ ሲያደርግ

ከጣና በስተ ምሥራቅ በፎገራ ሜዳ የሚያልፈው የርብ ወንዝ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል፡፡ ርብ ከጉና ተራራ ወርዶ በሜዳው አልፎ ጣና ይገባል፡፡ ፎገራ በከብቱ የታወቀ አገር ነው፡፡ ከጥቂት አሥር ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውኃ የሚተኛበት መሬቱ ለሩዝ ተስማሚ ሆኖ ስለ ተገኘ የሩዝ አገር ሆኗል፡፡ እንግዲህ ለፎገራ ገበሬ ሙላት ሁሉ ጠላት አይደለም፡፡ ጠላቱ ያልታሰበው ሙላት ነው፡፡

ወንዙ እንዳይወጣ በታችኛው ርብ ዳርና ዳር ክትር ተሠራ፡፡ ወንዙ በሜዳው ላይ ይበትነው የነበረው ደለል ከዚያ ወዲያ መውጫ ስላጣ በወንዙ ውስጥ ተኛ፡፡ የተመራማሪዎች ልኬት እንዳሳየውም የወንዙ ወለል በዚያ በኩል ከፍ እያለ መጣ፡፡ ወለሉ ከፍ ሲል ትናንት ይበቃ የነበረው ክትር ዛሬ አጭር ይሆናል፡፡ ክትሩን ቢያስረዝሙት ወለሉ ደግሞ ይከተላል፡፡ የቢጫው ወንዝ ታሪክ የዚህ ነገር ማስረጃ ነው፡፡ ቻይናዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ክትር ሲጨምሩ ወንዙ ደለል ሲጨምር በመጨረሻ በካይፈንግ ከተማ አጠገብ የወንዙ ወለል ከከተማው መሬት በላይ ሆነ፡፡ ሕዝቡ ወንዙን ቀና ብሎ የሚያይ ሆነ ማለት ነው፡፡

በ1998 ዓ/ም ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከቤቱ ወጣ፡፡ ከዚያ ወዲህ በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፡፡ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ጽሕፈት ቤትም በክረምት ወራት ለጣና ዙሪያና ለዓባይ የጐርፍ ትንበያ ማውጣት ዠምሯል፡፡ ትንበያው ግን ከጽሕፈት ቤት ተነሥቶ እስከ ገበሬው ደጃፍ ድረስ መንገድ ሊኖረው ይገባል፡፡ ወረቀት በራሱ እግር የለውም፡፡

የድሬዳዋ ሌሊት

በዚያው በ1998 ዓ/ም ክረምት የደረሰውን ትልቁን ሐዘን ሳንጽፍ ማለፍ አይገባንም፡፡ ድሬዳዋ በ1895 ዓ/ም ከምድር ባቡሩ ጋር የተቈረቈረች ከተማ ናት፡፡ ከዚራን ከመጋላ የሚለየው የደቻቱ ወንዝ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሌለበት የአሸዋ መንገድ ነው፡፡ ሰው ያቋርጠዋል፤ ይነግድበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፡፡ እንዲህ ያለው ደረቅ ወንዝ ከሞላ ወንዝ ይልቅ አሳሳች ነው፡፡

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ በከተማው በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ላይ ብርቱ ዝናም ዘነበ፡፡ ደጋው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ናት፡፡ በዚያ ቁልቁለት የወረደው ውኃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተማው ደረሰና ሕዝቡን በእንቅልፉ ላይ አገኘው፡፡ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺሕ የሚቈጠሩም ቤታቸውን አጡ፡፡ በነሐሴ ወር ደግሞ የኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከብቶችም አለቁ፡፡

ከአደጋው በኋላ በደቻቱ ዳር የጐርፍ መከላከያ ግንብ በብርቱ ተሠራ፡፡ ማስጠንቀቂያ የሚደርስበትም መንገድ ተጠና፡፡ ይህ መልካም ሥራ ነው፡፡ ነገር ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ ከሐዘን በኋላ የሚመጣ ትጋት ዋጋው ከባድ ነው፡፡ ከደቻቱ የምንማረው ዋና ነገርም አለ፡፡ በአዋሽ ታችኛ ክፍል ሙላት የሚደርሰው ቀናት ተጕዞ ስለሆነ በላይኛው ጣቢያ ወንዙን ማንበብ ጊዜ ይሰጣል፡፡ በደቻቱ ግን ውኃው በሰዓታት ውስጥ ስለሚደርስ በከተማው ውስጥ ወንዙን ማየት ብቻ ምንም አይጠቅምም፤ ባየነው ጊዜ ደርሷልና፡፡ እንዲህ ባለ አጭርና ቁልቁል ወንዝ ላይ መለካት የሚገባው በላይ ያለው ዝናም ነው፡፡

ወደ ኡራኤል

እንግዲህ ከብዙ አገር ዞረን ወደ ሠፈራችን ደረስን፡፡ ከእንጦጦ ተራራ የሚነሡት ቀበናና ሌሎቹ ምንጮች፤ በከተማው መካከል የሚያልፉት ግንፍሌና ባንትይቀጡም ሁሉ ወደ ታች እየተገናኙ ወደ ታላቁ አቃቂ ይገባሉ፡፡ አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፡፡ ስለዚህ በካዛንቺስና በኡራኤል ጣራ ላይ የወረደው ዝናም በኋላ በወንጂ ክትር አጠገብ የሚያልፍ ውኃ ነው፡፡ እኛም ሳናውቀው የአዋሽ ሰዎች ነን፡፡

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን ኡራኤል ከርሱ በ10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፡፡ ይህ ቁልቁለት ከደቻቱ ጋር የሚያመሳስለን ነው፡፡ በዚያ ላይ ከተማው እየሠለጠነ ሲሄድ ሣሩና አፈሩ በአስፋልትና በሲሚንቶ ተተካ፡፡ ቀድሞ መሬት ይጠጣው የነበረው ዝናም አሁን በአንድ ጊዜ ወደ ወንዝ ይሮጣል፡፡ ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ/ም በአዲስ አበባ የወረደው ብርቱ ዝናም ባስነሣው ጐርፍ 7 ሰዎች ሞቱ፡፡ ወንዝ ዳር ቤት የሠራ ሰው አደጋውን ንቆ አይደለም፤ ሌላ ቦታ አጥቶ ነው፡፡ ስለዚህ እርሱን መውቀስ ሳይሆን አስቀድሞ መንገር ይገባል፡፡

ከ2011 ዓ/ም ወዲህ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዞችን ዳር ለማልማት የታሰበው ሥራ ተዠመረ፡፡ በብዙ ስፍራም የወንዙ ዳር በድንጋይ ተገንብቶ መናፈሻ ሆነ፡፡ በካዛንቺስም በ2017 ዓ/ም የቆዩ መንደሮች ፈርሰው መንገዱና ሠፈሩ በአዲስ መልክ ተሠራ፡፡ እንግዲህ የእኛም ወንዝ ግንብ ያለው ወንዝ እየሆነ ነው፡፡ በዚህ እንደሰታለን፡፡ ነገር ግን ከላይ የጻፍነው ታሪክ ሁሉ የሚያስተምረው ግንቡ ሲያምር ሰው ወንዙን ወደ መርሳት እንደሚያዘነብል ነው፡፡ የተረሳ ወንዝ ደግሞ አንድ ሌሊት ራሱን ያስታውሳል፡፡

ምን ይደረግ?

እንደ ተማሪነታችን ግድብ ልንሠራ አንችልም፤ ክትርም የእኛ ሥራ አይደለም፡፡ ዓይን፤ ድምፅና መዝገብ መሆን ግን እንችላለን፡፡ ስለዚህ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን የሚከተለውን አሳብ በትሕትና እናቀርባለን፡፡

መጀመሪያ፤ በት/ቤታችን ግቢ የዝናም መለኪያ ተተክሎ በየጧቱ ይነበብ፡፡ በእንጦጦ እግር ሥር ካሉት ት/ቤቶችም አንዱ እንዲሁ ቢያደርግ በስልክ መነጋገር ቀላል ነው፡፡ የላይኛው ዝናም ለታችኛው ሠፈር የግማሽ ሰዓት ወይም የአንድ ሰዓት ጊዜ ቢሰጥ እንኳ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ከወንዝ ዳር ለማውጣት ይበቃል፡፡

ሁለተኛ፤ በአቅራቢያችን ባለው ድልድይ ምሰሶ ላይ የሚመለከተውን የመንግሥት ክፍል አስፈቅደን በሴንቲሜትር የተከፈለ ምልክት ይቀባ፡፡ ሽማግሌዎችም በዕድሜያቸው ያዩትን ከፍተኛውን ሙላት እንዲያሳዩን ተጠይቀው ያ ምልክት ይጻፍበት፡፡ በእነርሱ ዘመን የታየው ልክ ከእነርሱ ጋር መቀበር የለበትም፡፡

ሦስተኛ፤ ማስጠንቀቂያው የሚሰማበት ድምፅ አስቀድሞ ይወሰን፡፡ ዛሬ ስልክ በየእጁ አለ፤ ግን በሌሊት ይዘጋል፤ መብራትም ይጠፋል፡፡ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ግን ሠፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳሉ፡፡ የሠፈሩ እድሮችም በየቤቱ ማን አቅመ ደካማ እንደ ሆነ ያውቃሉ፡፡ የካይሮው ዐዋጅ ነጋሪ በእኛ ዘንድ ያለው በእነዚህ ነው፡፡

እዚህ ላይ አንድ ችግር እንዳለ አልዘነጋንም፡፡ ት/ቤት የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ነው፡፡ ወንዙ የሚሞላው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው፡፡ ስለ ወንዝ የምንማረው ወንዙ በደረቀበት ወራት ሆኖ ወንዙ በሚያስተምርበት ወራት እኛ አንገኝም፡፡ ስለዚህ የጂኦግራፊ ክበባችን በክረምት በተራ የሚያነቡ ተማሪዎችን ከሠፈሩ ልጆች ይምረጥ፡፡ በሠፈሩ የሚኖሩት ተማሪዎች በክረምትም ከሠፈሩ አይወጡምና፡፡ አንድም ሰው ቢሆን ለማንበብ ብሎ ወደ ሞላ ውኃ አይውረድ፡፡ ንባቡ ከድልድይ ላይ ሆኖ በሩቁ ይሁን፤ ሕይወትን ለመጠበቅ የተዠመረ ሥራ ሕይወት ሊያስከፍል አይገባምና፡፡

እኛ በዚህ ዓመት ከት/ቤቱ እንሰናበታለን፡፡ አንድ ክፍል ተማሪ የአንድ ክረምት ልክ ቢይዝ ጥቅሙ ትንሽ ነው፡፡ ት/ቤት ግን ከተማሪው ዕድሜ ይልቃል፡፡ ዘንድሮ የምናከብረው ኢዮቤልዩ ይህንኑ ያስረዳል፤ ተማሪዎች ይሄዳሉ፤ መዝገቡ ይቀራል፡፡ ከኋላችን የሚመጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ይህን መጽሔት ሲያነቡ ያልተቈራረጠ የክረምት መዝገብ በእጃቸው ቢኖር ለሠፈሩ ከማናቸውም ሐውልት የበለጠ ቅርስ ይሆናል፡፡

የባንትይቀጡ ስም ሲጠራ «ባንተ ይቀጡ» እንደ ማለት ሆኖ በጆሯችን ይሰማል፡፡ ሆላንዶች በማዕበላቸው፤ የፎገራ ሰዎች በርብ፤ የድሬዳዋ ወገኖቻችንም በደቻቱ ብዙ ዋጋ ከፍለው ተምረዋል፡፡ እኛ በእነርሱ ሐዘን ተምረን የራሳችንን ሐዘን ለማስቀረት እንችላለን፡፡ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት የተነገረው ለእሳት ቢሆንም ለውኃም ይሠራል፡፡